በጨንቻ ደጋማ አካባቢ የኤሌክትሪክ መስመር ጥበቃ

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ተዳፋት የተዘረጋ መስመር በዝናብ ወቅት በእጥፍ ይፈተናል፤ የራሰ አፈር ምሰሶውን ያዘነብላል፣ ንፋስም የባሕር ዛፍና የቀርከሃ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይጥላል። የአየር ንብረት ለውጥ ከባድ ዝናብን ባጠናከረ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። የእንጨት ምሰሶን በኮንክሪት መተካት ይጠቅማል፤ ሆኖም ተዳፋቱ ከተሸረሸረ ኮንክሪቱም አይጸናም። ስለሆነም የመስመር ዕቅድ ከእርከንና ከጎርፍ መቀልበሻ ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ነዋሪዎች በመስመር ሥር ዛፍ ከመትከል ይቆጠቡ። የተበጠሰ ሽቦ ወይም ያዘነበለ ምሰሶ ሲያዩ፣ በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ቢሆንም እንኳ፣ ሳይጠጉ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የስልክ መስመር 905 ያሳውቁ፤ እርጥብ መሬትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።