ሚረር አሴምብሊ፦ ሙሉ ስፖኪዮ

ሚረር አሴምብሊ ማለት ከመኪና የፊት በር ጋር በብሎን የሚታሰረው የጎን መስታወት ከነሙሉ አካሉ ነው። መስታወቱን፣ መስታወቱ የተለጠፈበትን ፕላስቲክ፣ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር፣ እነዚህን የሚይዘውን ቀፎ፣ የቀፎውን ክዳንና ከበሩ ጋር የሚያገናኘውን እግር በአንድነት ያጠቃልላል። በአማርኛ ሙሉ ስፖኪዮ ቢባል በቀላሉ ይግባባል፤ በመደበኛ ጽሑፍ ደግሞ የጎን መስታወት ሙሉ አካል ማለት ይቻላል።

ስፖኪዮ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ ስፔኪዮ በዚያ ቋንቋ መስታወት ማለት ነው። ፍሬቻ፣ ካቻቪቴና ጎማም በዚሁ መንገድ ወደ ጋራዥ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ስፖኪዮ አንዳንዴ ሙሉውን አካል፣ አንዳንዴ መስታወቱን ብቻ ያመለክታል። መኪናው ፊት ቆሞ ለሚነጋገር ሰው ይህ ችግር የለውም። መለዋወጫ ከውጭ የሚያዝ ወይም ለዘመድ መልእክት ልኮ የሚያስመጣ ሰው ግን የሚገጥሙት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ ሚረር አሴምብሊ፣ ሌላው ሚረር ግላስ ተብሎ ይሸጣል፤ የዋጋቸውም ልዩነት ሰፊ ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ ስፖኪዮ፣ ሁለተኛውን የስፖኪዮ መስታወት ብሎ መለየት ያልተሰበረውን ዕቃ ጭምር ከመግዛት ያድናል።

ክፍሎቹና ሥራቸው

የኋላን መንገድ በመስታወት የማየት ሐሳብ ከመኪና ታሪክ መጀመሪያ ዓመታት ጋር ይያያዛል። እንግሊዛዊቷ አሽከርካሪ ዶሮቲ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመችው መጽሐፍ ሴት አሽከርካሪዎች የእጅ መስታወት ይዘው ከኋላ የሚመጣውን እንዲያዩበት መክራለች። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ሬይ ሃሩን የመጀመሪያውን የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ያሸነፈው መስታወት በተገጠመለት መኪና ነበር። በሩ ላይ የሚታሰረው የዛሬው ስፖኪዮ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ተደርቦበታል።

ከውጭ ወደ ውስጥ ሲታይ መጀመሪያ የሚገኘው ክዳኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የመኪናውን ቀለም የተቀባው እሱ ሲሆን በክሊፕ ስለሚያያዝ ለብቻው ይነቀላል። ከክዳኑ ሥር ቀፎው አለ። በቀፎው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሞተሮችን የያዘ ክፍል ይገኛል፤ አንዱ ሞተር መስታወቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። መስታወቱ ራሱ ከጀርባው በፕላስቲክ ሳህን ላይ ተለጥፏል፤ ሳህኑ ደግሞ በሞተሩ ክፍል ላይ በክሊፕ ይገጥማል። በስተመጨረሻ እግሩ ይመጣል፤ ቀፎው የሚታጠፈው በእግሩ ላይ ነው፤ ከበሩ ጋር የሚታሰረውም በእግሩ ነው።

በተሻሻሉ ሞዴሎች ከመስታወቱ ጀርባ ጉምና ውርጭ የሚያጠፋ ማሞቂያ ይለጠፋል። ፍሬቻ፣ በሞተር የሚታጠፍ እግር፣ ካሜራ ወይም ከጎን ተጠግቶ የሚመጣን መኪና የሚያሳውቅ መብራትም ሊጨመር ይችላል። እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱን ሽቦ ይፈልጋል። መስታወቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ስፖኪዮ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ ይበቃዋል፤ ሁለቱ ሞተሮች አንዱን ሽቦ በጋራ ስለሚጠቀሙ ነው። ማሞቂያ ሲኖረው ሁለት ሽቦ ይጨመራል። ስለዚህ የሽቦውን ሶኬት አይቶ ፒኖቹን መቁጠር የስፖኪዮውን ዓይነት ለማወቅ አስተማማኝ መንገድ ነው።

የቱ ነው የተሰበረው?

ምን መቀየር እንዳለበት የሚወስነው የጉዳቱ ቦታ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ ወይም ወድቆ ቀፎው ጤነኛ ከሆነ፣ የማስተካከያው ማብሪያ ሲነካም ሞተሩ የሚሰማና የሚንቀሳቀስ ከሆነ የስፖኪዮ መስታወት ብቻ ይበቃል። ክዳኑ ብቻ ከተፋቀ ወይም ከተሰበረ ክዳን ብቻ ይገዛል። ቀፎው ከተሰነጠቀ፣ እግሩ ከተሰበረ ወይም ሞተሩ ከነክሊፑ ከተጎዳ ሙሉ ስፖኪዮ መቀየር ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ቀፎ በማጣበቂያ ቢያያዝም በፍጥነት ሲነዳ እየተንቀጠቀጠ ምስሉን ያደበዝዛል።

ሲገዛ ሦስት ነገሮች ይጣራሉ። የመጀመሪያው ጎኑ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ እንጂ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ሲታይ አይደለም። ሁለተኛው መኪናው የተሠራለት የመሪ ጎን ነው። ስፖኪዮ የሚሠራው ከሾፌሩ ዓይን አቅጣጫ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ስለሆነ፣ ለቀኝ መሪ የተሠራ ስፖኪዮ በግራ መሪ መኪና ላይ ቢገጥም እንኳ ማስተካከያው የሚፈለገው ቦታ ድረስ ላይደርስ ይችላል። ሦስተኛው የሶኬቱ ፒን ቁጥር ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ እንደሚደረገው ያገለገለ ዕቃ በአካል አይቶ ለሚገዛ ሰው የተሰበረውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ከሁሉ ይበልጣል።

የመስታወቱ ቅርጽም መታየት አለበት። በአሜሪካ የፌዴራል የደህንነት መስፈርት ቁጥር 111 የሾፌሩ ጎን መስታወት ጠፍጣፋ እንዲሆን ያዛል። በተሳፋሪው በኩል ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ሲገጠም ግን የጉብጠቱ ራዲየስ ከ889 እስከ 1651 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በላዩም የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይበልጥ ቅርብ መሆናቸውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይሰፍርበታል። በአውሮፓ በሚሸጡ መኪኖች የሾፌሩም ጎን መስታወት ብዙውን ጊዜ የጎበጠ ነው። የጎበጠ መስታወት ሰፊ አካባቢ ያሳያል፤ ዕቃውን ግን አሳንሶ ራቅ ያለ ያስመስለዋል። ከአሜሪካ የመጣን መኪና መስታወት ከአውሮፓ በመጣ የሚተካ ሾፌር ይህን ልዩነት እስኪለምድ ድረስ የኋላውን መኪና ርቀት በስህተት ሊገምት ይችላል።

መስታወቱን ብቻ መቀየር

ለዚህ ሥራ ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሰፊ ፕላስተርና የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ያስፈልጋሉ። ስብርባሪው እንዳይበተን መጀመሪያ በተሰበረው መስታወት ላይ ፕላስተሩ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይለጠፋል። የአየሩ ጠባይ ቀዝቃዛ ከሆነ የውስጡ ክሊፕ ሊሰበር ስለሚችል በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ማሞቅ ይረዳል።

ቀጥሎ የመስታወቱ አንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ያኔ የተቃራኒው ጠርዝ ወደ ውጭ ወጣ ይልና መፈልቀቂያ የሚገባበት ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ መፈልቀቂያው ከሳህኑ ጀርባ ይገባና ክሊፖቹ አንድ በአንድ እስኪለቁ ቀስ ብሎ ይፈለቀቃል። በብረት ካቻቪቴ በኃይል መፈልቀቅ ሞተሩን የያዘውን ክፍል ይሰብራል፤ እሱ ከተሰበረ ደግሞ በመስታወት ብቻ የሚያልቀው ጥገና ወደ ሙሉ ስፖኪዮ ይሸጋገራል። መስታወቱ ሲለቅ ወዲያው መጎተት አይገባም። ማሞቂያ ካለው ከጀርባው ሁለት ሽቦዎች በትንንሽ መሰኪያዎች ተያይዘዋል፤ የሚነቅለውም ሰው ሽቦውን ሳይሆን መሰኪያውን ይዞ መንቀል አለበት።

በቀፎው ውስጥ የቀረው ስብርባሪ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ሽቦዎቹ በአዲሱ መስታወት ላይ ይሰካሉ፤ የሳህኑ ክሊፖች ከሞተሩ ክፍል ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ከዚያ መዳፍ በጨርቅ ተሸፍኖ መሃሉ ላይ፣ ክሊፖቹ ባሉበት፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ይጫናል። ጠርዙን መጫን አዲሱን መስታወት ይሰነጥቃል። በመጨረሻም በማብሪያው ወደ አራቱም አቅጣጫ ተንቀሳቅሶ ይፈተሻል።

ሙሉ ስፖኪዮ መቀየር

እግሩ በብሎን የሚታሰረው ከበሩ ውስጠኛ ጎን ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች፣ ለምሳሌ በኮሮላ፣ በበሩ መስኮት ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ሦስት ብሎን ወይም ዳዶ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታውም በ10 ቁጥር ቁልፍ ነው። በሌሎች መኪኖች የበሩ የውስጥ ሽፋን ጭምር መነሳት አለበት። ያን ጊዜ ከእጀታውና ከክንድ ማስደገፊያው ሥር የተደበቁት ቪቶች ይፈታሉ፤ የዙሪያው ክሊፖች ይላቀቃሉ፤ ሽፋኑ ወደ ላይ ተነስቶ ይወጣል።

በሩ ውስጥ ወይም አጠገቡ ኤርባግ ወይም የግጭት መለኪያ ባለበት መኪና ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን ያህል ጊዜም ይጠበቃል። መስኮቱ አስቀድሞ ወደ ላይ መዘጋት አለበት።

ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ በመጀመሪያ የሽቦው ሶኬት ይላቀቃል። ሶኬቱ በጎኑ ምላስ አለው፤ ምላሱ ተጭኖ ካልተያዘ አይወጣም፤ በኃይል ቢጎተት ደግሞ ይሰበራል። ብሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት ከሥራቸው ያለው ክፍት ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ አለበት። በር ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከእጅ ያመለጠ አንድ ዳዶ እስከ በሩ ታች ይወርዳል፤ እሱን ለማውጣት ሙሉ የውስጥ ሽፋኑን መፍታት ግድ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ በሌላው እጅ ስፖኪዮውን ከውጭ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልተያዘ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ የበሩን ቀለም ይፍቃል።

አዲሱ ሲገባ ሽቦው በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእግሩና በበሩ መካከል ያለው የጎማ መከላከያ ሳይጠማዘዝ መቀመጡ ይታያል። ይህ ጎማ ውሃንና የነፋስ ፉጨትን የሚከለክለው ነው። ሦስቱም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፤ ከዚያ በተራ በተራ እኩል ይጠብቃሉ። አንዱን ብቻ አስቀድሞ ማጥበቅ እግሩን ያጣምማል፤ ከልክ በላይ ማጥበቅም ጥርሱን ይበላል። ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ባትሪው ከተነቀለ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ማንቀሳቀሻው፣ ማሞቂያውና ፍሬቻው ሽፋኑ ሳይመለስ መፈተሽ አለባቸው። አንዱ ባይሠራ እንደገና መፍታት አይኖርም።

ጊዜያዊ መፍትሔ

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ መስታወት ቆራጭ ዘንድ በልክ የተቆረጠ ጠፍጣፋ መስታወት በተሰበረው ምትክ ማስለጠፍ የተለመደ ነው። ይህ ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ የጎበጠውን መስታወት ግን አይተካም። የሚያሳየው አካባቢ ጠባብ ነው፤ ማሞቂያም የለውም። ስብርባሪው ላይ ደርቦ መለጠፍም ክብደቱን ጨምሮ ሞተሩን ያደክማል። ዕቃው መጥቶ አዲስ መስታወት ሲገጠም ደግሞ የሰሌዳ ቁጥሩን ጠርዙ ላይ ማስቀረጽ ለሌባ መሸጡን ያከብድበታል፤ ቀረጻው ግን የሚታየውን መሃል እንዳይሸፍን ጥንቃቄ ይደረጋል።

ማስተካከል

አዲስ የተገጠመ ስፖኪዮ ሳይስተካከል መንዳት ተገቢ አይደለም። ብዙ ሾፌሮች የራሳቸውን መኪና ጎን በሰፊው እንዲያሳያቸው አድርገው ያስተካክሉታል፤ በዚህም ከጎን ያለው መንገድ ከዕይታ ይሰወራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ፕላትዘር እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው ጥናት ይህን ስውር ክልል የሚያጠብ ዘዴ አሳይቷል። በዚህ ዘዴ ሾፌሩ ራሱን ወደ ግራ መስኮት አስጠግቶ የግራው መስታወት የመኪናውን ጎን ጫፍ ብቻ እስኪያሳየው ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ ራሱን ወደ ሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ዘንበል አድርጎ የቀኙን እንዲሁ ያደርጋል። ቀና ብሎ ሲቀመጥ የመኪናው ጎን ከሁለቱም መስታወቶች ይጠፋል፤ በምትኩ ጎን ለጎን ያለው መንገድ ይታያል። ከኋላ የሚያልፍ መኪና ከውስጠኛው መስታወት ወጥቶ ወደ ስፖኪዮው፣ ከስፖኪዮው ወጥቶ ደግሞ በቀጥታ በዓይን ወደሚታየው ቦታ ሳይቋረጥ የሚሸጋገር ከሆነ ማስተካከሉ ትክክል ነው። ይህም ሆኖ ረድፍ ከመቀየር በፊት በትከሻ ላይ ዞር ብሎ ማየት አይቀርም።