ለቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚስማማ ግራፊክስ ካርድ አመራረጥ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ዘጋቢ ፊልሞችንና የስብሰባ ቅጂዎችን በራሳቸው ባለሙያዎች ማቀናበር ከጀመሩ ሰነባብቷል። ለዚሁ ሥራ የሚውለው ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ውድ ዕቃ በመሆኑ ከሶፍትዌሩ ጋር የማይስማማ ግራፊክስ ካርድ መግዛት የሕዝብን ገንዘብ ያለ ጥቅም ከማስቀመጥ ተለይቶ አይታይም። ይህ ጽሑፍ የፍላጎት መግለጫ ለሚያዘጋጁ፣ ጨረታ ለሚገመግሙና ዕቃ ለሚረከቡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች መነሻ የሚሆኑ ነጥቦችን ያቀርባል።

የካርዱ ድርሻ

ግራፊክስ ካርድ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው የኮምፒዩተር ክፍል ነው። በቅንብር ሥራ ውስጥ ቀለም የማስተካከል፣ የምስል መጠን የመለወጥና ምስሎችን የማደራረብ ተግባሮችን በአመዛኙ የሚያከናውነው እርሱ ነው። ፋይል ማንበብና ድምፅ ማቀናበር ግን በዋናው ፕሮሰሰርና በዲስኩ ፍጥነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለሆነም ዲስኩ ዘገምተኛ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ውድ ካርድ መግጠም የሚጠበቀውን ውጤት አያስገኝም።

በቅድሚያ ሶፍትዌሩ ይታወቅ

የካርድ ምርጫ የሚጀምረው ከሶፍትዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ ሲኤስ5 ሶፍትዌር በካርድ የሚታገዝ ፈጣን አሠራር ይዞ ሲመጣ የተቀበለው ኩዳ የተሰኘውን የኤንቪዲያ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ብቻ ነበር። ከዚያም ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት በዝርዝር የተጠቀሱ ጥቂት ካርዶች ናቸው። ሌላ ካርድ የገዛ ሰው የካርዱ አቅም ከፍተኛ ቢሆንም እንኳ ሥራው በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቅበት ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ሶፍትዌሩ የኤኤምዲና የኢንቴል ካርዶችንም ተቀብሏል። ይሁን እንጂ ከግዥ በፊት የሶፍትዌሩን አምራች የመስፈርት ገጽ ማንበብ ዛሬም ግዴታ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ዕትም ያለው በመሆኑ በርካታ ተጠቃሚዎች ይመርጡታል። ነፃው ዕትም የሚያወጣው ምስል ከ3840 በ2160 ነጥብ አይበልጥም፤ ባለብዙ ካርድ አሠራርም የሚከፈልበት ዕትም ድርሻ ነው። ስለዚህ ለነፃው ዕትም ሁለት ካርድ መግዛት ብክነት ይሆናል። ፋይናል ከት ፕሮ በበኩሉ የሚሠራው በአፕል ምርቶች ላይ ብቻ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በራሱ ቺፕ የሚሠራቸው ኮምፒዩተሮች የተለየ ግራፊክስ ካርድ አይቀበሉም፤ የማህደረ ትውስታ መጠናቸውም በግዥው ዕለት መወሰን ይኖርበታል።

የማህደረ ትውስታ መጠን

አንድ የ1920 በ1080 ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ነጥብ በ16 ባይት ሲያሰላ አንዱ ምስል 33 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በ3840 በ2160 ምስል ላይ መጠኑ አራት እጥፍ አድጎ ወደ 133 ሜጋባይት ይደርሳል። በርካታ ምስሎች ሲደራረቡና ጩኸት ማጥፊያን የመሰሉ ከባድ ማጣሪያዎች ሲጨመሩ 4 ጊጋባይት ያለው ካርድ በቀላሉ ይሞላል። በመሆኑም ለተራ ኤችዲ ሥራ ከ4 እስከ 6፣ ለ4ኬ ሥራ ደግሞ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ መያዝ ይመከራል።

የካሜራው ፋይል ዓይነት

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ካሜራው የሚቀዳበት ፎርማት ነው። ዘመናዊ ካሜራዎች 10 ቢት፣ 4፡2፡2 በሚባል የቀለም አያያዝ ይቀዳሉ። የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ዓይነት የኤች 264 እና የኤች 265 ፋይል በራሳቸው መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ነው። በአንጻሩ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ የተሠሩ ግራፊክስ ያላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የኤች 265ቱን ፋይል ይፈቱታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የካሜራውን ፎርማት ማረጋገጥ ያሻል።

ከኮምፒዩተሩ ጋር መገጣጠም

ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ባለ 16 መስመር መሰኪያ ይፈልጋል። መሰኪያው ብቻውን የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ቀዳዳ ተጨማሪ ገመድ 75፣ ባለ 8 ቀዳዳ ደግሞ 150 ዋት ያቀርባል። ለምሳሌ 200 ዋት የሚወስድ ካርድ ተጨማሪ ገመድ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ አይችልም። ለቢሮ ተብለው የሚገዙ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ይህ ገመድ የሌላቸው ሲሆኑ ሳጥናቸውም ረዥም ካርድ አያስገባም። ስለሆነም የካርዱ ርዝመት፣ ውፍረትና የዋት ፍላጎት በቅድሚያ መለካት አለበት።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆኑ ከተሞች አየሩ ስስ በመሆኑ የማራገቢያዎች የማቀዝቀዝ አቅም ይቀንሳል። አቧራም ይህንኑ ያባብሳል። የመብራት መዋዠቅ ባለበት ሥፍራ ደግሞ የካርዱን ፍጆታ የሚሸከም ዩፒኤስ በግዥው ውስጥ ሊካተት ይገባል።

በጨረታና በርክክብ ወቅት

በመንግሥት ግዥ አሠራር የንግድ ስም መጥቀስ የሚፈቀደው መስፈርቱን በሌላ መንገድ መግለጽ ሳይቻል ሲቀር ሲሆን “ወይም ተመጣጣኝ” የሚል ሐረግ ይታከልበታል። ስለዚህ መግለጫው የማህደረ ትውስታውን መጠን፣ ከፍተኛውን ዋት፣ የሚፈታውን የፋይል ዓይነትና የሚያገለግለውን ሶፍትዌር ከነዕትሙ ቢዘረዝር ይመረጣል። “ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው” የሚል አገላለጽ ገምጋሚውንም አቅራቢውንም ለውዝግብ ይዳርጋል።

የካርዱ ዕድሜም መታየት አለበት። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ያወጣ የነበረውን መደበኛ የድራይቨር ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሞ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ወደ መስጠት ተሸጋግሯል። እነዚህን በአዲስ ዕቃ ዋጋ መግዛት አይመከርም። አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥበት ሁኔታ ስለሚያጋጥም ተረካቢው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ብቻ ሳይወሰን ጂፒዩ-ዚን በመሰለ መመርመሪያ ፕሮግራም ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የቀረጸውን ፋይል በሶፍትዌሩ ከፍቶ፣ ቀለም አስተካክሎና አውጥቶ መሞከርም የርክክቡ አካል ሊሆን ይገባል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ከመዘጋቱ በፊት በሚደረግ ጥድፊያ እነዚህ ነጥቦች ሊታለፉ ይችላሉ። ይሁንና ከሶፍትዌሩ ተነስቶ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ኮምፒዩተሩ፣ በመጨረሻም ወደ ካርዱ የሚሄድ ባለሙያ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች በአንድ ገጽ የሚጠቃለሉ ናቸው። ያችን አንድ ገጽ ከጨረታው በፊት ማዘጋጀት በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለ አገልግሎት የሚቀመጥ ዕቃን ያስቀራል።