የእግር ፈንገስ ሕክምና በስኳር ሕሙማን

የእግር ፈንገስ በጣቶች መካከል፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ላይ የሚወጣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ ነው። ያሳክካል፣ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል። ስኳር የሌለበት ሰው ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ይወጣዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን ነርቩ ከተጎዳ ስንጥቁ አይሰማውም፣ የእግሩ የደም ዝውውር ከቀነሰም ቁስሉ ቶሎ አይሽርለትም። በስንጥቁ ባክቴሪያ ገብቶ እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

አመጣጥ

ዋናው መንስኤ ትራይኮፋይተን ሩብረም የተባለው ፈንገስ ነው። መነሻው አከራካሪ ሲሆን፣ በብዛት የሚጠቀሱት ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ሰሜን አውስትራሊያና ምዕራብ አፍሪካ ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ሕዝቡ በባዶ እግሩ ይሄድ ስለነበር ፈንገሱ የሚታየው በገላ ላይ እንጂ በእግር ላይ እምብዛም አልነበረም ይባላል። ወደ አውሮፓና አሜሪካ ያዛመቱት ወታደሮች፣ ቅኝ ገዢዎችና ፍልሰተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በዚያም ላብ የሚያምቅ ጫማ ተመቸው። የእግር ፈንገስን መጀመሪያ የገለጸው ጣሊያናዊው ፔሊዛሪ እንደሆነ ይጠቀሳል (1888 እ.ኤ.አ.)። ትራይኮፋይተን ሩብረምን በ1910 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአገሩ ልጅ አልዶ ካስቴላኒ ነው። ላብ የሚያምቅ ጫማ በእኛም አገር አለ፤ በገጠር የተለመደው ኮንጎ ጫማ ፕላስቲክ በመሆኑ እግርን በላብ ያርሳል።

ሕክምና

በጣት መካከል ለሚወጣው ተርቢናፊን 1% ክሬም ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት፣ አለዚያም ክሎትሪማዞል 1% በቀን ሁለት ጊዜ ለ4 ሳምንት ያህል ይቀባል። ማሳከኩ ስለቆመ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። የእግር ጥፍር ፈንገስ ቅባት ብቻውን እምብዛም አያድነውም፤ የተለመደው ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት መዋጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጉበት ይመረመራል፣ የጥፍር ናሙናም ይታያል፤ የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለምና።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። የሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል፣ ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ኢትራኮናዞል የልብ ድካም ላለበት አይታዘዝም፤ ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ጋርም አይወሰድም። ቤንዞይክ አሲድ 6% እና ሳሊሲሊክ አሲድ 3% ያለበት የዊትፊልድ ቅባት ቆዳ ስለሚልጥ ለደነዘዘ እግር አይመከርም። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በእግር ላይ ማሰርም ቆዳ ያቃጥላል፤ የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ቃጠሎው እንኳ ላይሰማው ይችላል።

መከላከል

እግርን በየቀኑ ማየት፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ካልሲ መቀየር።

እግሩ የቀላ፣ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ፈሳሽ የሚወጣው የስኳር ሕመምተኛ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።