በቅሎዎች የረገጡት መንገድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ እስከ ፒትስበርግ ከተማ በእግር ወይም በብስክሌት መጓዝ እንደሚቻል ታውቃላችሁ? ርቀቱ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን መነሻውን ጆርጅታውን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ታሪኩ ግን ከመንገዱ ይልቅ ጠመዝማዛ ነው፤ እስቲ አብረን እንከተለው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ አካፋ አንሥተው የመጀመሪያውን አፈር ቆፈሩ። ሊሠራ የታሰበው ጀልባዎችን እስከ ኦሃዮ ወንዝ የሚያደርስ የውኃ ቦይ ነበር። በዚያው ዕለት በባልቲሞር የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ ከምበርላንድ የገባው በ1842 ነው። ቦዩ ግን ተራራ መፈልፈል ነበረበት፤ አንዱ ዋሻ ብቻ 14 ዓመት ፈጀ። በ1850 ከምበርላንድ ደረሰና እዚያው ቆመ። ፒትስበርግን አላየም።

ቢሆንም ብዙ ዓመት አገለገለ። በቅሎዎች በቦዩ ዳር ባለው መንገድ እየተራመዱ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ ይጎትቱ ነበር። በ1924 ጎርፍ ቦዩን ክፉኛ ስለ ጎዳው የጀልባው ሥራ ቀረ። የበቅሎዎቹ መንገድም ዛፍ በቀለበት።

በ1954 አንድ ታዋቂ ጋዜጣ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ቢሠራ መልካም ነው ብሎ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን በሐሳቡ አልተስማሙም። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሳቸው ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈው፣ የርእሰ አንቀጹ ጸሐፊ አብሯቸው ቦዩን በእግሩ እንዲሄድ ጋበዙት። የጋዜጣው ሰዎችም እሺ ብለው መጡ። ከከምበርላንድ 58 ሰዎች ተነሡ፤ በስምንተኛው ቀን ሙሉውን 297 ኪሎ ሜትር በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ 9 ብቻ ነበሩ። ጋዜጣውም አቋሙን ለወጠ። በ1971 ቦዩና መንገዱ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኑ።

ከከምበርላንድ ወዲያ ያለው ክፍልስ? እዚያ ደግሞ ባቡር የተዋቸው ሐዲዶች ነበሩ። የየአካባቢው ሰዎች ብረቱ የተነሣለትን መሬት ቁራጭ በቁራጭ ወደ መንገድ ለወጡት። የመጀመሪያው ክፍል በ1986፣ የመጨረሻው በ2013 ተከፈተ። ቦዩ ሊደርስበት ያልቻለው ፒትስበርግ ከ185 ዓመት በኋላ ተደረሰበት። የቦዩ ዳርና ባቡር የተዋቸው ሐዲዶችም ዛሬ ለአንድ መንገደኛ አንድ ጎዳና ሆነውለታል።

ልብ በሉ፤ ፕሬዚዳንቱ አካፋ ያነሡት ለጀልባ ነበር። ጀልባው አልፎ ሰው የሚሄድበት ሆኖ የቀረው የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። በእናንተም አካባቢ እንዲህ ያለ የቆየ መንገድ አይጠፋም። አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ፤ ከዚያም ከማትስማሙት ሰው ጋር ሆናችሁ በእግራችሁ ሂዱበት።