የኮሪያ ጦርነት ተኩስ አቁም መታሰቢያ (ኢትዮጵያ)

የኮሪያ ጦርነት ተኩስ አቁም ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በፓንሙንጆም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተፈርሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጸንቷል። ስምምነቱ ውጊያውን አቆመ እንጂ የሰላም ውል አልነበረም። ደቡብ ኮሪያ ዕለቱን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የዘመቱ ወታደሮች ቀን አድርጋ በሕግ ታከብረዋለች፤ ሰሜን ኮሪያ ደግሞ የድል ቀን ትለዋለች። በኢትዮጵያ ዕለቱ የሕዝብ በዓል አይደለም። ሚያዝያ 27 የሚከበረው የአርበኞች ቀን የጣሊያንን ወረራ የተዋጉትን ስለሚመለከት በኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ዘማቾች መታሰቢያ በአመዛኙ በማኅበራቸውና በደቡብ ኮሪያ ወገን ትከሻ ላይ የወደቀ ነው።

ዘመቻው

ከክብር ዘበኛ የተመለመለው 1ኛ ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ፑሳን ገባ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎም ተዋጋ። በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ኢትዮጵያን ለወራሪ ጥሏት ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር የላኩት ለጋራ ደኅንነት መርህ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። «ቃኘው» የሚለውን ስም አመጣጥ ብዙዎች ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ ጋር ያያይዙታል፤ ሌላ ማብራሪያ የሚሰጡም አሉ።

የዘማቾቹ ቁጥር

በጽሑፎች ሁለት ቁጥሮች ይዘዋወራሉ፦ 3,518 እና 6,037። ልዩነቱ የስሌት ስሕተት አይመስልም። በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች እያንዳንዳቸው ከ1,100 በላይ ሰው እንደነበራቸው ከተወሰደ፣ የመጀመሪያው ቁጥር እስከ ተኩስ አቁሙ ለተፈራረቁት ሦስት ሻለቃዎች ይቀርባል፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሄዱትን 4ኛና 5ኛ ቃኘው የሚጨምር ይመስላል። የመጨረሻው አነስተኛ ጓድ የተመለሰው በ1957 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ክርክሩ ከቁጥር ይልቅ ዘማች ማን ይባል የሚል ነው፦ የተዋጋው ብቻ፣ ወይስ ፍጥጫው ሳይረግብ ድንበር የጠበቀውም? መታሰቢያው በተኩስ አቁሙ ቀን ላይ ሲቆም ሁለተኛውን ወገን ወደ ጎን የመተው አደጋ አለው፤ ይህ ተገቢ አይመስልም። የሟቾች ቁጥር በብዙ ምንጮች 121፣ በሌሎች 122 ሲሆን፣ የቁስለኞች 536 ነው። አንድም ኢትዮጵያዊ አለመማረኩ በሁሉም ዘንድ ይነገራል፤ ዘማቾቹም በዚህ ይኮራሉ።

የዝምታው ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ቃኘው ከሰሜን ጋር የተዋጋ በመሆኑ ዘማቾቹ መናገሪያ አጡ፤ ጡረታቸውን ተነፈግን የሚሉም ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ መሠራቱን ያስተዋለ የዘመኑን ነፋስ አቅጣጫ ይረዳል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበራቸው እንደገና በግልጽ መንቀሳቀስ ጀመረ።

መታሰቢያዎች

በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ የቆመውን ሐውልት በ1960 ዓ.ም. የመረቁት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ናቸው። በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር በዚያው ዓመት አጠገቡ የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የተሰኘ ቡና ቤት ዛሬም ይሠራል፤ ስሙን ያወጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል። የመታሰቢያ አዳራሹ የተከፈተው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

በአዲስ አበባ አፍንጮ በር የዘማቾቹ መታሰቢያ ፓርክ አለ። ኮሪያ ሰፈር የተባለው መንደርም ስሙን ያገኘው ከዘማቾቹ ነው።

መካነ መቃብር

በፑሳን የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም፤ አፅማቸው ወደ አገር ተመልሷል። የወደቁትን ማሰብ የሚሻ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይሂድ።