ጣና ረግረግ በነበረበት ዘመን

ጣና ዛሬ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጎደጎደው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ዝናብ ለረጅም ዘመን ቢያጥር እንደሚደርቅ መገመት አያዳግትም። ግምቱን ወደ እርግጠኛ ታሪክ የለወጡት ከሐይቁ ወለል በተወሰደ ደለል ውስጥ የተገኙት ዲያቶሞች፣ ማለትም ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ናቸው።

የዲያቶም ሕዋስ እንደ ሙዳይና ክዳኑ በሚገጣጠም የሲሊካ ቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ ሲሊካ የመስታወት መሥሪያ ማዕድን በመሆኑ ሕዋሱ ከበሰበሰ በኋላም ቅርፊቱ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ዝርያ በሰፊ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዱ በደንገልና በቄጠማ ላይ ተጣብቆ ያድጋል፤ ጨዋማ ውሃ የሚመርጥም አለ። የትኛው ዝርያ በየትኛው ውሃ እንደሚኖር በምሥራቅ አፍሪካ ካጠኑት መካከል ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ ግንባር ቀደም ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ሥራ ለተከታዮቹ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኗል። ዘዴው ወሰን አለው፤ ሶዳ በበዛበት ውሃ ሲሊካ ስለሚሟሟ፣ ቅርፊት መጥፋቱ ብቻውን ዲያቶም እንዳልነበረ አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው የጣና ጥናት መሠረት፣ ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ የተወሰደው ደለል ግርጌ ላይ፣ ከደረቀና ከጠጠረ አፈር በላይ፣ በእጽዋት ላይ የሚጣበቁ ዲያቶሞች በደንብ ካልበሰበሰ የእጽዋት ቅሪት ጋር ተገኝተዋል። ይህም ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት፣ ከድርቀቱ ማግስት፣ ዛሬ ዳር ዳሩን የሚበቅለው ደንገል የሐይቁን መሀል ይዞ እንደነበረ ያመለክታል። ቀጥሎ የሚመጣው ንብርብር ግን ይበልጥ ያስደንቃል፤ ጨው የሚወዱ ዝርያዎች የታዩት ውሃው ሲጎድል ሳይሆን እየሞላ በነበረበት ጊዜ ነውና። ምክንያቱ ሐይቁ መውጫ ስላልነበረው፣ ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ከ14,750 ዓመታት በፊት ጨው ወዳዶቹ ለጨው አልባ ውሃ ዝርያዎች በድንገት ቦታ የለቀቁት፣ ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ በመፍሰሱና ጨዉም አብሮ በመታጠቡ ነው።

የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው ቪክቶሪያ ሐይቅም እስከ 15,000 ዓመታት በፊት ድረስ ደርቆ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ መላው የናይል ወንዝ በዚያ ዘመን ክረምት ከበጋ የማይፈስ፣ በወቅት የሚቆራረጥ እንደነበረ ደምድመዋል።