ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም፤ የሰማዩ መንገድና የመተማ በር

በሁለት የአይሮፕላን ጣቢያዎች መካከል የሚፈጀውን የበረራ ጊዜ ማወቅ ቀላል ሒሳብ ይመስላል። ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። እኛ ተማሪዎች ግን ይህን ሒሳብ ከመተማ ታሪክ ጋራ ስናስተያየው መልሱን ጐዶሎ ሆኖ አገኘነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም በሰማይ በቀጥታ ሲለካ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎንደር፣ በመተማና በገዳሪፍ አድርጎ የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 የተባሉት አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ስለ ነበር፣ ለዚህ ርቀት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋቸው ነበር። የዛሬው ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ቢበር ስሌቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ይሰጠናል፤ መነሣቱና ማረፉ ሲጨመርበት ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ቀጥተኛው መሥመርም መተማን ሳይነካ ከእርሷ በስተ ምዕራብ ያልፋል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን አገር የለኩት በሰዓት ሳይሆን በቀንና በወር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በምዕራቡ ቆላ በኩል ስናር የደረሰው በሚያዝያ ነው። ነጋዴውም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከጎንደር ዕቃውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከፍታዋ 700 ሜትር ያህል ወደሆነችው መተማ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱን ግመል ይረከበዋል። መተማ ታላቅ ገበያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። በር የሆነ አገር ግን ጦርም አያጣውም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ለሞት የበቁት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የመተማ ጦርነት ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከመተማ ፊት ለፊት በሱዳን ወገን ያለችውን ገላባትን ከኢጣልያኖች አስለቀቀ። ነገር ግን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ስለ ደበደቡት መተማን ሳይዝ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንዲህ ሆኖ አይሮፕላን ኃይሉን ለቆላው ያሳየው መንገደኛ በማድረስ ሳይሆን ቦምብ በመጣል ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የካርቱም የአይሮፕላን ጣቢያ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የውጊያ ቦታ ሆነና በረራው ቆመ። የሁለት ሰዓቱ መንገድ በአንድ ቀን ጠፋ። ከዚህም በኋላ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌላ አገር ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። አይሮፕላኑ በሩቅ ያልፋት የነበረችው ከተማ እንደ ጥንቱ በር ሆነች።

ከዚህ የምንማረው አይሮፕላን የጉዞን ጊዜ አሳጠረ እንጂ ምድርን እንዳላሳጠረ ነው። የሰማዩ መንገድ በተዘጋ ቀን የሚያድነው የምድሩ መንገድና በዳር አገር ያለው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ መተማ መደበኛ በረራ የሚያርፍባት ጣቢያ የላትም። መንገደኛዋ በአዘዞ ወደሚገኘው ወደ አፄ ቴዎድሮስ የአይሮፕላን ጣቢያ ለመድረስ፣ በቀጥታ ሲለካ እንኳ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን አገር በጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አለበት። ጎንደር ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው ስንል፣ የቆላው ሕመምተኛ እዚያ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ሰዓት አልቈጠርንለትም።

እንግዲህ ወደ ፊት መሐንዲስና አብራሪ ለመሆን የምንመኝ ተማሪዎች ሁሉ፣ የመንገድን ሒሳብ ከጣቢያው በር ሳይሆን ከሰው ደጅ እንጀምረው።